ማሸጊያው ያልተነካ አንድ ጠርሙስ

መስከረም 21

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለድንቡሼ፤

ቲኬቱ ትናንት ተቆርጧል። የምነሳው ኅዳር 10 ቀን ጠዋት ነው።

ሰላምታው መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ግን መጀመሪያ የሚመዘግበው አዲስ የገባውን ነው። እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ፤ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ ሳንጎድል ሳንተርፍ አለን። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው።

የምሄደው ወንድም ጋሼ ዘንድ ነው። አባትሽ ከእኔ ጋር ቃል ከተለዋወጠ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እናትሽ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን የነገርኩትን ነገር ከሌሎች ሰምተሻል። ከእኔ እጅ ግን አልደረሰሽምና እዚህ ላስፍረው።

አባትሽ የሰዓት መጠገኛ ሱቁን የከፈተ ዕለት፣ ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ሰጡት። "ቤቴ የመጡ ቀን አብረን እንከፍተዋለን" ብሎ ቡፌው ውስጥ አስቀመጠው። እኔ ያኔ እነሱ ቤት ተጠግቼ የምማር የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የክዳኑን ቀለበት በምላጭ ቆርጬ በሙጫ መለስኩት። ከዚያ ወዲያ ፈተና ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጉንጭ፣ በወደቅኩ ቁጥር ሁለት ጉንጭ እወስዳለሁ፤ የጎደለውን በሻይ እሞላለሁ። ጎበዝ ተማሪ እንዳልነበርኩ ታውቂያለሽ።

ሽማግሌው እራት የተጠሩ ቀን ጠርሙሱ ተከፈተ። ቀመሱት፣ ብርጭቆውን አስቀመጡትና "ጥሩ ሻይ ነው" አሉ። ወንድም ጋሼ ዞር ብሎ እናትሽን፣ እቴቴን፣ አያት። ቀን ቀን ቤት የምትውለው እሷ ብቻ ነበረች። እሷም እሱን አየችው። እኔ ከሁለቱም መሀል ተቀምጬ ነበር፤ አልተናገርኩም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቡፌው ተቆለፈ፤ ቁልፉም ወንድም ጋሼ ኪስ ገባ። ሠላሳ አራት ዓመት፣ እሷ እስከሞተች ድረስ፣ ከኪሱ አልወጣም።

አሁን ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ፣ ያልተከፈተውን፣ ይዤለት ልሄድ ነው። እዚህ ኤርፖርት፣ ከቀረጥ ነጻ ሱቅ ይሸጣል። አውሮፕላን የምቀይረው ደግሞ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው። አንቺ የኤርፖርት ቢሮ ሰው ነሽና ሕጉን ጻፊልኝ፤ እንዴት አድርጌ ነው የማሳልፈው? በስልክ እንዳትነግሪኝ። የስልክ ወሬ ፋይል አይደረግም።

መምጣቴንም ለአባትሽ አንቺ ንገሪልኝ።

ፈጣሪ ካለሽበት ሳያጎድልሽ ያቆይሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 4

ውድ ጋሼ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ እጅህንም ሳምኩ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል። ለእትዬ ጉልበት የሚሆን ቅባት ገዝቻለሁና ስታልፍ ትወስድላታለህ። ቱቦው ትንሽ ነው፤ ያልፋል።

ስለ ጠርሙሱ እንዲህ ነው። ባለሱቁ ጠርዙ ቀይ በሆነ ወፍራም ግልጽ ፌስታል ውስጥ ያስገባልሃል። ደረሰኙም አብሮ ይገባል፤ ከውጭ እንዲነበብ ሆኖ። ከዚያ አፉ ይታሸጋል። ያ ፌስታል አባቴ ዘንድ እስክትደርስ ድረስ አይከፈትም። እዚህ ስትወርድ ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን ከመሄድህ በፊት እንደገና ትፈተሻለህ። ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በዚያ ፍተሻ አያልፍም። የሚያልፈው በዚያ በታሸገ ፌስታል ያለ ብቻ ነው። ከተከፈተ ግን ውስኪ ነው፣ ሽቶ ነው፣ የጠበል ውሃ ነው አይሉም፤ ይወስዱታል። ሰው ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ አንዳንዱም እዚያው ቆሞ ልጠጣው ይላል። ይወስዱታል።

ስለዚህ ጋሼ፣ አትክፈተው። የማውቅህ ስለሆንኩ ነው የምደግመው፤ አትክፈተው።

ካልሆነም በሻንጣ አድርገውና ከታች ይጫን። ወይም እኔ ከዚህ ልግዛልህ። ያ ዓይነት እዚህ አይገኝም እንጂ ሌላ ጥሩ ጥሩ አለ።

እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ትቆያለህ። እኔ አምስት ሰዓት ላይ እረፍት አለኝ። ፍተሻውን እንዳለፍክ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሎ ታያለህ፤ ከሥሩ ጠብቀኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳላይህ ቆይቼ ከሰዓት ሥር መገናኘታችን ለሰዓት ሠሪ ቤተሰብ ሳይሻል አይቀርም።

ያንተው ድንቡሼ (አሁን ግን ከስቻለሁ)


ጥቅምት 15

ለድንቡሼ፤

የጻፍሽውን ሕግ በሦስት ኮፒ አስነስቻለሁ። አንዱ ኮቴ ኪስ፣ አንዱ ሻንጣዬ ውስጥ፣ አንዱ ባለቤቴ ዘንድ ነው። ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ ምን አለች መሰለሽ? "ይኼ ሁሉ ድንጋጌ ላንድ ጠርሙስ? ያኔ አፍህን እንዲህ ቢያሽጉት ኖሮ ነገሩም አይመጣም ነበር።" እውነት ስትናገር ዝም እላታለሁ፤ በወር አንዴ ነው።

በሻንጣ ያልሽው አይሆንም። ከእጄ የወጣ ዕቃ በእኔ ኃላፊነት ሥር አይደለም። ልግዛልህ ያልሽውም አይሆንም። የበደልኩት በገዛ እጄ ስለሆነ የምክሰውም በገዛ እጄ ተሸክሜ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። አትንገሪው። ካወቀ በሩን ሊዘጋብኝ ጊዜ ያገኛል። ድንገት በሩ ላይ ቆሜ ካየኝ ግን ጠርሙሱን ሳያይ አይዘጋውም።

የምትሠሪበትን ቢሮ ቁጥር ብትጽፊልኝ ከሰዓቱ ሥር ከምንጠባበቅ እኔው ጠይቄ እመጣ ነበር።

አጎትሽ


ጥቅምት 25

ውድ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ደብዳቤህ የደረሰኝ ለአባቴ ከነገርኩት በአራተኛው ቀን ነው። ይቅር በለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀኑን፣ በረራውን፣ ጠርሙሱን። ከኋላው የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። "አባባ፣ አለህ?" ብለው "አለሁ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ማሸጊያውን አየዋለሁ" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። አይምጣ አላለም፤ ይምጣም አላለም።

የቢሮ ቁጥር አያስፈልግህም። ከሰዓቱ ሥር ይሻላል።

በሰላም ያምጣህ።

ድንቡሼ


ኅዳር 14

ውድ ጋሼ፤

ይህን የምጽፍልህ ወደ ቤትህ ነው፤ ስትመለስ ታገኘዋለህ። ወደ አባቴ አድራሻ መላክ አልፈለግኩም። ስልክ ብደውል አባቴ "ደርሷል፤ ደህና ነው" ብሎ ዘጋው። አንተን አቅርብልኝ ማለት አልደፈርኩም።

ቢሮ የለኝም። ስድስት ዓመቴ ነው በፍተሻ መስመር ላይ። "ይወስዱታል" ብዬ የጻፍኩልህ ስለ ሌላ ሰው አልነበረም። በቀን መቶም ሁለት መቶም ዕቃ እወስዳለሁ፤ የእናቶችን ማር፣ የሕፃናት ሽሮፕ፣ የሙሽሮችን ሽቶ። ይህን ለናንተ መጻፍ ከበደኝ። ለአባቴም ቢሮ ነው ያልኩት። እረፍቴ ላይ ዩኒፎርሙን ቀይሬ፣ በሹራብ ሆኜ ከሰዓቱ ሥር ላገኝህ ነበር ሐሳቤ።

በረራህ በአንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ፤ እረፍቴም አለፈ። ሰባተኛው መስመር ላይ ቆሜ ቀና ስል አንተ ነህ። ቡናማው ኮትህ፣ ቀበቶህ ትሪው ውስጥ፣ ሱሪህን በአንድ እጅህ ይዘህ። ዘመድ ሲመጣብን እጃችንን አንስተን ለሌላ ሰው መልቀቅ አለብን፤ ሕጉ ነው። ልለቅ ብዬ እጄን ማንሳት ጀመርኩ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ያለው ባልደረባዬ ጣቱን አነሳ፤ ጠርሙስ አገኘ። የሚተካኝ ሰው ያንተን ቋንቋ አያውቅም። እየገፋ፣ እየጮኸ፣ በእጅ እያመለከተ ነው የሚወስድብህ። እጄን መለስኩት።

ፌስታሉን ሳነሳው አፉ ተቀዷል። በሦስት የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ "ተከፍቶ ታይቷል፤ ትክክል ነው" ይላል፤ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፊርማህ አለበት። ጋሼ፣ እዚያው ላለቅስ ነበር፤ ልስቅም ነበር።

"ይህ የእርስዎ ነው?" አልኩህ።

ቀና ብለህ አየኸኝ። ኮፍያዬን፣ ጓንቴን፣ ደረቴ ላይ ያለውን ካርድ አየህ። ያወቅከኝ መቼ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፣ ስሜ ግን አልወጣም።

"የእኔ ነው፣ እመቤት" አልከኝ።

"ፌስታሉ ተከፍቷል።"

"ተከፍቷል። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፈርሜበታለሁ።"

"ለምን ከፈቱት?"

"የጠርሙሱን ማሸጊያ ላረጋግጥ። ሄጄ የማስረክበው ሰው ማሸጊያ ያያል።"

ያን የአባቴን ቃል ላንተ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባልጽፈው ኖሮ አትከፍተውም ነበር።

"ማለፍ አይችልም" አልኩህ። ለሁለት መቶ ሰው በቀን የምለውን ነው። አንተ አልለመንክም። "ገባኝ፤ ነገር ግን ያለ ደረሰኝ ንብረት አላስረክብም" አልክ። ባልደረባዬ "ምን ይላል ሰውዬው?" አለኝ። "ደረሰኝ ይፈልጋል" አልኩት። ሳቀ። አለቃችን ከሩቅ "የጠየቀውን ስጡትና ሰልፉ ይሂድ!" ብሎ ጮኸ።

በብጣሽ ወረቀት ላይ ደረሰኙን ጻፍኩልህ። ወረቀቱን ስትቀበለኝ ሁለቱን ጣቶቼን ከነጓንቱ ያዝካቸው። ሦስት ሰከንድ ያህል ይሆናል። ከዚያ "ሥራዎ ይባረክ" ብለህ ሄድክ። ጠርሙሱን በገዛ እጄ የተወሰዱ ዕቃዎች ወደሚጣሉበት ሣጥን አስገባሁት።

ፈረቃዬ ሲያልቅ ለአለቃዬ አጎቴ መሆንህን ነገርኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። እሱ ምንም አይደል። የእትዬን ቅባት አልሰጠሁህም፤ እሱ ነው የቆጨኝ። በፖስታ ልኬዋለሁ።

ባዶ እጅህን በር ላይ ስትቆም አባቴ ምን አለህ? እባክህ ጻፍልኝ።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 19

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

ከተመለስኩ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖኛል። ቅባቱ ደርሷል፤ የባለቤቴ ጉልበት እየተሻለው ነው፤ ምላሷም አብሮ በርትቷል። "ሠላሳ አንድ ዓመት የታሸገ ሣጥን እየከፈተ ሲቆጥር የኖረ ሰው ፌስታል ያልፋል ብለሽ ነው?" ብለህ ጻፍላት ብላኛለች። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በእጄ ሕጉ ነበረኝ፤ በሦስት ኮፒ። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጬ በፌስታሉ ውስጥ የክዳኑን ቀለበት ለማየት ብሞክር ደረሰኙ ጋረደኝ። "ይኼ ቀለበት የተሰነጠቀ ቢሆንስ? ለሁለተኛ ጊዜ የተነካ ጠርሙስ ይዤ ወንድም ጋሼ ፊት ብቆምስ?" የሚል ሐሳብ ገባብኝ። አንዴ ከገባ አልወጣም። በጥርሴ ቀደድኩት። ቀለበቱ ደህና ነበር። አስተናጋጇን ፕላስተር ስጠይቃት "የቱ ጋ ቆስለው ነው?" አለችኝ፤ ፌስታሉን አሳየኋት። ልጅቱ ሦስት ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ትኩስ ነገር ሳትሰጠኝ ነው ያለፈችው።

አሁን ስለ በሩ። የከፈተው ራሱ ነው። ሸብቷል። አልሳመኝም። "ማሸጊያው?" አለ። በሁለት ዓመት ከስድስት ወር የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

ያንቺን ወረቀት ሰጠሁት።

ይዞት ወደ መስኮቱ ሄደ። ያቺን የሰዓት ሠሪ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኑ ላይ ሰካ። አንድ መስመር ነው እኮ የጻፍሽው፤ "አንድ ጠርሙስ፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ ተረክቤአለሁ"፤ ቀንና ፊርማ። እንደ ተበላሸ ሰዓት አገላብጦ አየው። ፊርማው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይህ የእሷ እጅ ነው" አለ።

"የእሷ ነው።"

"እንዴት ነው እሷ የተረከበችው?"

ነገርኩት። መነጽሩን ከዓይኑ አላወጣም። "ቆማ ነው የምትሠራው?" አለ። "ቆማ" አልኩት። "ስንት ሰዓት?" "አልጠየቅኳትም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።" እሱም እንደ እኔ ቢሮ ነበር የመሰለው። ከዚያ ሁለታችንም ስላንቺ እግር እያሰብን ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ያን ያህል ተስማምተን አናውቅም።

በኋላ ተነስቶ ራሱ ሻይ አፈላ። ብርጭቆውን ፊቴ ሲያስቀምጥ "ሻይ ነው" አለኝ። ቀምሼ "ጥሩ ሻይ ነው" አልኩ፤ ወዲያው ምን እንዳልኩ ገባኝና ደረቅኩ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ እየሳቀ መሰለኝ፤ አልነበረም።

ሦስቱን ሳምንት ስለ ሰዓት፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ልጆች አወራን። ስለ እቴቴ አንድ ቃል አላነሳንም። ስመጣ ብቻ፣ ኮቴን እያለበሰኝ "ቡፌው ተከፍቷል እንዴ?" አለኝ። እናትሽ ከሞተች በኋላ ቤቱን ለቆ ወደዚያ አገር ሲሄድ ቡፌውን እንደተቆለፈ በጫኝ ሰድዶልን ነበርና ያለው እኛ ቤት ነው፤ እሱም ያውቃል። "ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው" አልኩት። ኪሱን በእጁ ዳበስ አደረገ። አላወጣውም። ወረቀትሽንም አልመለሰልኝም።

ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም። መዝገቡ አልተዘጋም።

አጎትሽ


ጥር 8

ውድ ጋሼ፤

እንደምን አለህ? እትዬስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬም ደህና ነው። አባቴ በየሁለት ቀኑ እየደወለ ስለ እግሬ ይጠይቀኛል። ያንተ ሥራ ነው።

ትናንት ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። "እዚያ ለመሄድ ባንቺ በኩል የሚያልፍ በረራ አለ?" አለኝ። አለ አልኩት። "ጠርሙስ ቢይዙ እንዴት ነው የሚያልፈው?" አለኝ። ላንተ የጻፍኩልህን ሁሉ ደገምኩለት፤ ቀይ ጠርዝ፣ ደረሰኝ፣ አትክፈተው። "እኔ ምን አስከፈተኝ!" ብሎ ተቆጣ። መጋቢት 12 ቀን ላይ ቦታ አስይዤለታለሁ። ይሁን አላለም፤ ይቅርም አላለም። አስብበታለሁ አለ።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው።

እናቴ ታውቅ ነበር።

ወደዚህ ልመጣ ሻንጣ ስናዘጋጅ ነገረችኝ። የፈተና ወረቀትህን እንደ ቱቦ ጠቅልለህ ሻዩን ስትሞላ ከበሩ ጀርባ ሆና አይታሃለች። ሽማግሌው ከመምጣታቸው ከሁለት ወር በፊት ነው። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። "ቢያውቅ በዚያው ቀን ያስወጣዋል። የመጨረሻ ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። እኔን ግን የት ያስወጣኛል?" አለችኝ። "ቁልፉስ? ቁልፉን ኪሱ ይዞ ሲዞር አይከፋሽም?" አልኳት። ልብሴን እያጠፈች ነበር፤ ቀና ሳትል "የሚሸከመው እሱ ነው፤ እኔን ምን ከበደኝ?" አለች። ከዚያ "አጎትሽ ራሱ እስኪናገር እንዳትናገሪ" ብላ አስማለችኝ።

ትዝ ይልሃል? ለእንግዳ ሻይ በቀዳች ቁጥር አንተን እያየች "ይኼ እንኳ ሻይ ነው፤ ማንም ይመስክር" ትል ነበር። እኛ እየሳቅን አንተ ግን ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር።

አንተ ከተናገርክ በኋላ መሐላው አልቋል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። አባቴ የተቆጣው ባንተ ይመስለናል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳያምናት በመኖሩ ነው። አውቃ እንደተሸከመችለት ቢሰማ ይቀለዋል ወይስ ይብስበታል? መወሰን አቃተኝ። ልንገረው? ወይስ አንተ ትነግረዋለህ? ወይስ ከእሷ ጋር ይቅር?

ድንቡሼ


የካቲት 2

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

ለአባትሽ በስልክ ከመናገርሽ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስሽ በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ነገር ትጨምርብኛለች ብዬ ስጠብቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ምንም አላለችም። ያን ቀን እንደ ወር ድርሻዋ ቆጠርኩላት።

ሠላሳ አራት ዓመት የደበቅኩት ዕቃ ለካ በእቴቴ መዝገብ ላይ ነበር። ያን ፈተና አልፌአለሁ፤ ታውቂያለሽ? በትንሽ ነጥብ። ግምጃ ቤት የገባሁት በዚያ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ የበላሁትን ሁሉ ያበላችኝ እሷ ናት ማለት ነው። በየዓመቱ አንድ ስጦታ ይዤ ስሄድ "አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል?" ትለኝ ነበር። አስጨናቂውን እያወቀች።

ለጠየቅሽኝ መልሴ ይህ ነው። አንቺ አትንገሪው። በስልክም፣ በሰልፉ መሀልም አይሆንም። የሚነግረው ይህ አፍ ነው፤ ያኔ የተዘጋው። ከመጣ ቡፌው ፊት ወንበር አደርግለታለሁ። ቁልፉን ሳይከት በፊት እነግረዋለሁ። ይብስበት ይቅለለው አላውቅም፤ ብቻውን ሆኖ አይሰማውም፤ ይህን ብቻ ነው ቃል የምገባልሽ። ቡፌው ውስጥ ምን እንዳለ ባለቤቴ ደጋግማ ጠይቃኛለች። የሚመስለኝ ያው ጠርሙስ ነው፤ ግማሽ ሻይ ይዞ።

ባንቺ መስመር ሲመጣ እጅሽን አንሺ። አለቃሽ ይተካሽ። ሌላ ሰው ይፈትሸው፤ ወንድም ጋሼ ፌስታል አይከፍትም፤ እሱ እንደ እኔ አይደለም። አንቺ ኮፍያሽን አውልቀሽ፣ በሹራብሽ፣ ከሰዓቱ ሥር ጠብቂው። የእኔንም ድርሻ አቅፈሽ ሳሚው።

ትናንት ደውዬለት ነበር፤ ደብዳቤ ብልክ አይደርስም ብዬ። "መጋቢት 12ን ምን አልክ?" አልኩት። "ጉልበቴን ሐኪም ይይልኝ" አለ። ጉልበቱ ምንም አይደለም። ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ትንሽ ብረት። "ቁልፉን ይዘህ ነው የምታወራው?" አልኩት። መንኳኳቱ ቆመ። "እነግርሃለሁ" ብሎ ዘጋው።

ባለቤቴ ቡፌውን ከትናንት ጀምሮ እየወለወለችው ነው። እኔም አልከለከልኳትም።

የአየር መንገዱን ቢሮ ጠይቄአለሁ። የያዝሽለት ቦታ የሚጸናው እስከ የካቲት 30 ነው።

አጎትሽ